ማካቶ ከማን ጋር ሄደች

ሆኖሉሉ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1987

ለተከበሩ እማማ ሱሚ ናካሶኔ
ሃኔጂ መንደር፣ ኦኪናዋ፣ ጃፓን

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ጓሮዎ ለምልሞ፣ ቤትዎም በሰው ድምፅ ሞልቶ ያግኝዎ።

ስሜ ሎሬን ቶጉቺ ይባላል። አያውቁኝም። እኔም የእርስዎን ስምና አድራሻ ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው፤ ሟቹ አያቴ ሴይጂ ሣጥን ውስጥ አንድ የቆየ የአዲስ ዓመት ካርድ ነበር፣ ከጀርባው ላይ አነበብኩት። የሴይጂ እናት ማካቶ የአባትዎ ታላቅ እህት ነበረች፤ ለእርስዎ አክስት፣ ለእኔ ቅድመ አያት ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ ብንሆንም ዘመድ ነንና ድፍረቴን በዘመድ ዓይን ይዩልኝ።

ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ በፊልም ሥራ ተመርቄአለሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሆቴል ውስጥ የቱሪስት ሻንጣ ስቆጥር ከረምኩ። አሁን ግን ከካሊፎርኒያ የመጣ አንድ የፊልም ኩባንያ ቀጥሮኛል! ፊልሙ በፎቶግራፍ ብቻ ታጭተው ከእስያ ወደዚህ የሸንኮራ እርሻ ስለመጡ ሙሽሮች ነው። ስለ ማካቶ የጻፍኩትን አሥራ ሁለት ገጽ አንብበው ነው የጠሩኝ። ሲደውሉልኝ ከደስታ ብዛት ስልኩን ዘጋሁባቸውና እንደገና መደወል ነበረባቸው። እማማ ሱሚ፣ እኔ እስከ ዛሬ እኛን የሚመስል ሰው ፊልም ውስጥ ሻይ ሲያቀርብ ወይም ሲሞት እንጂ ሲኖር አይቼ አላውቅም።

የማውቀው ጥቂት ነው። ማካቶ በ1915 በአሥራ ስምንት ዓመቷ መጣች። ያጫት ካማሱኬ ቶጉቺ የላከላት ፎቶግራፍ የወጣት ነበር፤ ወደብ ላይ የጠበቃት ሰው ግን ያንን ፎቶ ከተነሣ አሥራ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። በ1934 በንዳድ ሞተች። አያቴ የነገረን ይህን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ያለው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ሁለቱንም እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃለች። በርዷት ነበር?

በደብዳቤም ይሁን በወሬ ስለ እሷ የሰሙትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ምን ትወድ እንደነበር፣ ስትናደድ ምን ትል እንደነበር እንኳ ቢሆን።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ፣
ሎሬን


ሃኔጂ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1987

ለልጄ ለሎሬን፣

ስለ ጤናዬ ስለጠየቅሽ ተባረኪ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ይላል እንጂ ዓይኔም ጆሮዬም አልከዱኝም። አንቺም አባትና እናትሽም፣ ካላገባሽ የሚመጣው ባልሽም፣ በደህና ቆዩኝ።

መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። በዚህ ወር ዘመድ ሁሉ መቃብር ላይ ተሰብስቦ ሣሩን ያጭዳል፣ ምግብ ዘርግቶም ከሙታኑ ጋር ይበላል። የአሳማውን ሥጋ የምቀቅለው እኔ ነኝ።

ማካቶን አይቻት አላውቅም። የተወለድኩት ከሄደች ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የማውቃት በደብዳቤዎቿ ነው።

ስለ እጆቿ ግን ልንገርሽ። አልበረዳትም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የእጇ ጀርባና ጣቶቿ በመርፌና በቀለም ይነቀሱ ነበር። ያልተነቀሰች ሴት ስትሞት አያቶቿ አያውቋትም ይባላል። መንግሥት ንቅሳቱን ከልክሎ ነበር፤ ማካቶ ግን በድብቅ ተነቀሰች፤ እጇ አብጦ ሰባት ቀን በሰው እጅ ጎረሰች። የሠርጉን ፎቶ ያነሣት ሰው «እጅሽን ደብቂ፣ ጃፓኖቹ ይስቁብሻል» አላት። ከሠርጉ በኋላም ካማሱኬ፣ ራሱ የእኛው አገር ልጅ ሆኖ ሳለ፣ በጨርቅ እንድትጠመጥመው አዘዛት። ከዋናው ጃፓን የመጡ ጎረቤቶቹ እኛን ኦኪናዋዎችን «አሳማ ቀላቢዎች» እያሉ ይሰድቡን ስለነበር በእሷ እጅ ያፍር ነበር። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ጨርቁን አትፈታም ነበር።

ስለ ንዳዱ የምጽፈው የለኝም።

የመቃብሯን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። ካለ።

ሱሚ


ሆኖሉሉ፣ ሜይ 15 ቀን 1987

ለውድ እማማ ሱሚ፣

ጉልበትዎ ደረጃውን እንደ ልጅነትዎ ይውጣልዎ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ ሳነብ ሦስት ፌርማታ አለፈኝ። ንቅሳት! አያቴ አንድ ቀን እንኳ አላነሣልንም። የፊልሙ ኃላፊ ሚስተር ዊትኮም ሲሰማ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

«ግሩም ነው፣ ግሩም! ግን ሎሬን፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ንቅሳት ሊያይ አይደለም። ሴትየዋ ማንን ትወዳለች?»

«ባሏን አትወድም» አልኩት።

«እሱማ ገባኝ። ማንን ትወዳለች ነው ያልኩሽ?»

እጠይቃለሁ አልኩት። በወረቀት ላይ ማዕረጌ «የታሪክ አማካሪ» ይላል፤ አብዛኛውን ቀን የማማክረው ግን ማን በረዶ ያለው መጠጥ፣ ማን በረዶ የሌለው እንደሚፈልግ ነው። ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ ነኝ፤ በሩ ከተከፈተልኝ እገባለሁ።

ስለ መቃብሩ አባቴን ጠየቅሁት።

«ካዋይ ደሴት ላይ ይመስለኛል» አለ።

«ይመስለኛል?»

«ጎርፍ ወሰደው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ጎርፍ መቃብር ወሰደ?»

«ሎሬን፣ ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው። ብዪ።»

ከዚያ ወጥቶ ንጹሕ መኪናውን አጠበ።

እማማ ሱሚ፣ በሚወዱት ሁሉ ይዤዎታለሁ። ማካቶ የወደደችው ሰው ነበረ? ካለ ይንገሩኝ፤ ከሌለም የለም ይበሉኝ። ሁለቱም ለእኔ መልስ ነው።

ሎሬን


ሃኔጂ፣ ኦገስት 18 ቀን 1987

ለልጄ ለሎሬን፣

ሙቀቱ በርትቷል። እናንተ ዘንድ ነፋስ አይጥፋ።

ሦስት ወር ዝም አልኩሽ። አልታመምኩም፣ ሥራም አልበዛብኝም። በፊትም በሥራ ብዛት ዘገየሁ ያልኩሽ ሐሰቴን ነው። አሁን የምጽፈውን ለባሌም ሳልነግረው ነው የሞተው።

አባቴ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ስለነበርኩ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማካቶን ደብዳቤ የማነብለት፣ መልሱንም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። እሷም ፊደል ስለማታውቅ እዚያ ለሌላ ሰው እየነገረች ታስጽፍ ነበር። ሁለት የማያነቡ ሰዎች በእኔና በአንድ በማላውቀው ሰው አፍ ሲያወሩ ኖሩ።

በ1934 ክረምት አንድ ደብዳቤ መጣ። በቃሌ አውቀዋለሁ። «ወንድሜ ሆይ፣ ከካማሱኬ ቤት ወጥቻለሁ። ሴይጂ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ሥራ ይዟል፤ ከአባቱ ጋር መቅረት ይሻለኛል ብሏል። አሁን አብሬው የምኖረው ሰው ዩሴቢዮ ዱምላዎ ይባላል። ሸንኮራ ቆራጭ ነው፤ ፊሊፒናዊ ነው። አንድ ቀን እርሻው ውስጥ የእጄ ጨርቅ ተፈታ። ሌላው ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እሱ ግን ቀረብ ብሎ፣ በእኛ አገር በስተሰሜን ተራራው ላይ ያሉ ሴቶች እንዲህ ይነቀሳሉ፣ ያንቺን ማን ሠራልሽ? አለኝ። እዚህ ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

አባቴ መረብ እየጠገነ ነበር።

«ምን ነው ያለችው? ድገሚው» አለኝ።

«ፊሊፒናዊ ነው ትላለች።»

«ነጭ ነው?»

«አይደለም አባዬ። ፊሊፒናዊ።»

መረቡን ጣለው። የዚያን ጊዜ እርሻ እንዲህ ነበር፦ ከላይ ነጩ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሱ ሥር በፈረስ የሚዞረው ፖርቱጋላዊ ካቦ፣ ከሱ ሥር ጃፓኖቹ፣ ከጃፓኖቹ ሥር እኛ፣ ከእኛ ሥር ፊሊፒኖቹ። እኛ ከሥራችን ሰው በመኖሩ ደስ ይለን ነበር። አባቴ ያንን እርሻ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ መሰላሉን ግን እርከን በእርከን ያውቀዋል። የካማሱኬን ቤት ጥላ ከነጭ ጋር ብትሄድ ይቆጣ ነበር፤ ቆይቶ ግን ገበያ ላይ ያወራው ነበር ብዬ አስባለሁ። ወደ ታች መውረዷን ግን አልቻለም።

«ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። «ማካቶ የምትባል እህቴ በንዳድ ሞታለች። ከእንግዲህ ከሙት ደብዳቤ አልቀበልም።» ፊደሌ እንዲያምር ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነበር የጻፍኩት። ሌላ ቅጂ አስጽፎኝም ለካማሱኬ ላከለት። እናንተ ቤት የገባው ንዳድ ያ ነው፤ ከእኔ ብዕር የወጣ ነው። ሴይጂ እናቱ በሕይወት እንዳለች እያወቀ ያንን ቃል ወሰደና ለልጆቹ ሰጠ።

ማካቶ ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። እኔም ካደግሁ በኋላ አልጻፍኩላትም። የት ብዬ እንዳልል አድራሻው ነበረኝ።

የወደደችው ሰው ነበረ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነበረ።

ሱሚ


ሆኖሉሉ፣ ኦገስት 29 ቀን 1987

ለውድ እማማ ሱሚ፣

ለእርስዎ የምመኘው ጤና ብቻ አይደለም፤ ልብዎ ዛሬ ትንሽ እንዲቀልልዎ እመኛለሁ። አሥራ ሁለት ዓመትዎ ነበር። ልጅ ነበሩ። ይህን ሌላ ሰው ብሎዎት የማያውቅ ከሆነ እኔ ልበልዎት።

ለአባቴ ነገርኩት። «ፊሊፒናዊ?» አለ። «ይህንን ለጎረቤት ማውራት ያስፈልጋል?»

«ለጎረቤት አይደለም አባዬ። ለዓለም ነው።»

የቀድሞውን አሥራ ሁለት ገጽ ጥዬ በአራት ቀን አርባ ጻፍኩ። ሚስተር ዊትኮም አንብቦ ከወንበሩ ተነሣ። «ሸሸች! ሎሬን፣ ይሄ ነው ፊልሙ!» አለኝ፣ እዚያው ቆሞም ወደ ካሊፎርኒያ ደወለ። አሁን የኩባንያው ጠበቃ ታሪኩን የነገረው ዘመድ ይፍረም ብሏል። ወረቀቱን አብሬ ልኬአለሁ፤ በጃፓንኛም ተተርጉሟል። በእናንተ አገር በፊርማ ፈንታ የሚመታው የእርስዎ ማኅተም ከሌለበት ይህ ታሪክ አይሠራም፤ ወደ ሌላ ታሪክ ይሄዳሉ።

እማማ ሱሚ፣ ሁለት ነገር ቃል እገባልዎታለሁ። እጆቿ አይሸፈኑም። ዩሴቢዮም ዩሴቢዮ ይሆናል።

ሎሬን


ሃኔጂ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1987

ለልጄ ለሎሬን፣

አውሎ ነፋሱ አልፏል፤ ጣራው ከነክዳኑ ተርፏል። አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ።

ማኅተሙን አድርጌበታለሁ። ብዙ አሰብኩ። እሷን አንዴ በወረቀት ገድያታለሁ፤ በሌላ ወረቀት ብትነሣ ብዬ ነው።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ አለ። ከዚያ ከመጨረሻው ደብዳቤ ጋር የመጣ ነው። አባቴ አቃጥዪው ብሎኝ ነበር፤ አላቃጠልኩትም። በጦርነቱ ጊዜ ቦምቡን ሸሽተን እንደ ክፍል ሰፊ የሆነው የአያቶቻችን የድንጋይ መቃብር ውስጥ ሁለት ወር ስንደበቅ እዚያው የሙታኑ ዐፅም ከሚቀመጥበት ማሰሮ ሥር ከተትኩት፤ ቤታችን ሲቃጠል እሱ ተረፈ። ማካቶ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዩሴቢዮ ባርኔጣውን ይዞ ከጎኗ ቆሟል። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታቸዋለች። ጨርቅ የለም። እያንዳንዱ ጣት ይታያል።

ለሰዎቹ አሳዪያቸውና መልሺልኝ። ሌላ የለኝም።

ቃልሽን ይዣለሁ።

ሱሚ


ካዋይ ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1988

ለውድ እማማ ሱሚ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልዎ። ብዙ በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ቀረጻው ተጀምሮ ጊዜ የሚባል ነገር ጠፋብኝ።

ትልቁን ዜና አስቀድማለሁ። መቃብሯን አግኝቻለሁ! ጎርፍ አልወሰደውም። ያገኘሁት ከአጃቢ ተዋንያኑ በአንዱ በኩል ነው፤ ፕሪሚቲቮ የሚባል የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ። ፊሊፒኖቹ ማኖንግ ይሉታል፣ ጋሼ እንደ ማለት ነው። ወጣት ሳለ እዚሁ እርሻ ላይ ሸንኮራ ቆርጧል። አሁን የቀጠሩት የጃፓን ሠራተኛ መስሎ ከኋላ እንዲቆም ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ በየደቂቃው «ኮፍያህን ዝቅ አድርግ፣ ፊትህ እንዳይታይ!» ይለዋል። ማኖንግ ወደ እኔ ዞሮ «ያኔ ስቆርጥ የሚያየኝ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ካሜራ ገዝተው መጥተው እንዳልታይ ይለምኑኛል» አለኝ። ከሳቄ ብዛት ቀረጻ አበላሸሁ።

ዩሴቢዮን ያውቀው ነበር። እሷንም። ለወንደላጤዎቹ ልብስ ታጥብ ነበር አለኝ። «እጇ ሰማያዊ ነበር። ልጆቹ ቀለም ነክራ ነው ሲሉ ትስቃለች እንጂ አትደብቀውም።» ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤት ትሄድ ነበር፤ ደብዳቤ የመጣላቸው ስም ሲጠራ ቆማ ሰምታ ትመለሳለች። የመጣላት ጊዜ ግን አያስታውስም። መቃብሯ ከፊሊፒኖቹ መካነ መቃብር ዳር ነው። «ማካቶ ዱምላዎ፣ 1897–1951» ይላል። ዩሴቢዮ ከአጠገቧ ነው። ፎቶውን ልኬአለሁ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ንቅሳቱን በተመለከተ ትንሽ ለውጥ አለ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተባለ፤ ቆይቶም የአሜሪካ ተመልካች ንቅሳት ሲያይ ወንበዴ ትመስለዋለች አሉ። ስለዚህ ለጊዜው ተዋናይቱ ጓንት አድርጋለች። መጨረሻው ላይ አንዴ እንዲታይ እየተከራከርኩ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። ምሳ ሰዓት ላይ አለቆቹና ነጮቹ ተዋንያን ድንኳን ውስጥ ይበላሉ፤ እኛ ጃፓን መሳዮቹ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ፤ ፊሊፒኖቹ ርቀው ሸንኮራው ጥግ። እንዲህ ተቀመጡ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። እኔ ሳህኔን ይዤ ቆሜ በላሁ።

ፎቶግራፍዎ በደህና አለ።

ሎሬን


ሃኔጂ፣ ማርች 1 ቀን 1988

ለሎሬን፣

ጤና ይስጥሽ። የመቃብሩ ፎቶ ደርሶኛል።

ከ1934 እስከ 1951 ስንት ቅዳሜ እንዳለ ቆጥሬዋለሁ። ቁጥሩን አልጽፍልሽም።

ስለ ሽማግሌው ጽፈሻል፣ ስለ ጓንቱ ጽፈሻል፣ ስለ ምሳው ጽፈሻል። አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም። ዩሴቢዮን ሆኖ የሚሠራው ማን ነው?

ሱሚ


ሆኖሉሉ፣ ጁን 20 ቀን 1988

ለእማማ ሱሚ፣

ጤናዎን ለመጠየቅ እንኳ አፍሬአለሁ፤ ቢሆንም እንደምን ከረሙ? ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ዩሴቢዮን ሆኖ የሚሠራ ሰው የለም። ዩሴቢዮ የለም። በእሱ ቦታ አንድ ስኮትላንዳዊ አለ፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ታናሽ ወንድም ነው። ከካማሱኬ ዱላ ያድናታል፣ ማንበብ ያስተምራታል፣ በጀልባ ይዟት ይሄዳል።

ሁሉንም ልናገር። ይህንን ያወቅሁት ቀረጻው ላይ አይደለም። ባለፈው ኦክቶበር፣ የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት በደረሰኝ ሳምንት ነው። ላስረክብ ወደ ቢሮው ስገባ ሚስተር ዊትኮም አዲሱን ጽሑፍ ሰጠኝ።

«ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች ፊሊፒናዊ ፍቅረኛ አይሸጥም አሉ» አለኝ። «ለጊዜው ነው፣ ዘመኑ ነው፣ ምን ላድርግ።»

«እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም» አልኩት።

«እውነቱ ሸሽታለች ነው። እኛም ሸሸች አልን። ከማን ጋር የሚለው ጥቃቅን ነገር ነው። ደግሞ ነግሬሻለሁ? ስምሽ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይወጣል። በሃያ ሦስት ዓመት ይህን ያገኘ ሰው አላውቅም። ወረቀቱን አመጣሽው?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አልደረሰኝም ማለት እችል ነበር። ያለዚያ ወረቀት ፊልሙ ይቆም ነበር፤ ቢያንስ ለጥቂት ወራት። አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰበብ አላጣሁም። ጨርሶ ከሚቀር ግማሹ ይሻላል አልኩ። ከክፍሉ ከወጣሁ የእኛ ሰው በክፍሉ አይኖርም አልኩ። ስሜ አንዴ ከወጣ የሚቀጥለውን ፊልም እኔው ራሴ እሠራለሁ፣ ያኔ ዩሴቢዮን በሙሉ ፊቱ፣ ኮፍያ ሳይደፋ አወጣዋለሁ አልኩ። ይህን የመጨረሻውን አሁንም አምናለሁ።

ፎቶግራፍዎን መልሼልዎታለሁ። ልነግርዎ የሚገባኝ ሌላም አለ። የአልባሳት ክፍሉ አይቶት ስለወደደው ፊልሙ ውስጥ እንደገና ሠርተውታል፤ ያው ወንበር፣ ያው አቀማመጥ፣ በተዋናይቱና በስኮትላንዳዊው።

ይቅርታ አይጠየቅበትም እንጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሎሬን


ሃኔጂ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1988

ለሎሬን፣

ብርዱ ገብቷል፤ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አንቺ ባለሽበት ፀሐይ አትጥፋ፣ ጤናሽም አይጓደል።

ፊልሙ ናሃ ከተማ ስለመጣ በአውቶቡስ ሄጄ አየሁት። ጎረቤቴን ኡሺን ይዤ ሄድኩ። ኡሺ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ በመንደራችን እጇ የተነቀሰ ከእሷ ሌላ ሴት አልቀረም። ከማካቶ ጋር በአንድ ቀን ነው የተነቀሱት። ጆሮዋ ስለደከመ ስታወራ ትጮኻለች፤ አዳራሹ ሁሉ ይሰማት ነበር።

«ይቺ ሙሽራ እጇን ምን ሆና ነው?»

«ጓንት ነው» አልኳት በጆሮዋ።

«ሸንኮራ ውስጥ? ነጭ ጓንት? ማን ሊያጥብላት ነው?»

ሰው ሳቀ። ቆይቶ ስኮትላንዳዊው መጣ።

«ይሄ ፈረንጅ ደግሞ ማነው?»

«የምትወደው ሰው ነው።»

«ምን ታወሪያለሽ? አክስትሽ የሄደችው ከፊሊፒኑ ጋር አልነበረም እንዴ?»

ሎሬን፣ ሃምሳ አራት ዓመት ለማንም ሳልናገር የኖርኩት ነገር ነው። ለካ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የማካቶን ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ያመጣልን ሰው አንብቦት ኖሯል። «እኛማ አንቺ እንዳታፍሪ ብለን ነው ዝም ያልነው» አለችኝ ኡሺ፣ አሁንም እየጮኸች። የእኔ ዝምታ የጋረደው ነገር አልነበረም።

ሰውየው በጀልባ ይዟት ሲሄድ ከፊታችን የተቀመጡት ልጃገረዶች አለቀሱ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ሙዚቃው ነው። ልጆቹ ሲወጡ «እንዲህ ያለ ሰው ማን ባገኘ» ይባባሉ ነበር። አባቴ በሕይወት ቢኖርና ይህን ፊልም ቢያይ ይወደው ነበር። በዚህ ፊልም ማካቶ ወደ ላይ ነው የወጣችው።

ስምሽን አየሁት። ቶሎ ያልፋል።

የሚቀጥለውን እኔው እሠራዋለሁ ብለሻል። ሥሪ፤ አልከለክልሽም። ዩሴቢዮን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ግን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎችሽ ደግሞ የሚቸኩሉ አይመስለኝም።

«ልጅ ነበሩ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ልክ ነሽ። ማካቶን ስገድላት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቃሉ የአባቴ፣ የእኔ ፊደሉ ብቻ ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ኖርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልረዳኝም። አንቺ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ጻፊ ያለሽ አልነበረም። ቦርሳውም ያንቺ ነበር። ስለዚህ ለራስሽ የምትነግሪውን አላውቅም፤ እኔ ላበድርሽ የምችለው የለኝም።

ሞተሻል አልልሽም። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አንዴ ጽፌአለሁ፣ ሁለተኛ አልጽፍም። ስለ ጤናሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለ አባትሽ፣ ስታገቢም ስለምታገቢው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን። መልስ እሰጥሻለሁ፤ አላዘገይም።

ስለ ማካቶ ግን ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሱሚ